ኪሎ ሜትር የማይቆጥረው ተጎታች

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ በሚያሳየው ቁጥር ላይ ነው። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ምድጃና የበረዶ ሳጥን ጭኖ ከመኪና ኋላ የሚጎተተው ትንሽ ተጎታች ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። በአሜሪካ የሙቀቱ ወራት ሲቃረቡና በየደጃፉ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ፣ ሻጩ «ብዙም አልተጠቀምኩበትም» ቢል ገዢው ቃሉን የሚያመሳክርበት ነገር አያገኝም።

የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት የመረመረው ይህንኑ ችግር ነው። ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ለደህናውም ለብልሹውም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ መሸጥ የማያዋጣው የደህናው ዕቃ ባለቤት ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ነው። ሦስት መጽሔቶች ሳይቀበሉት የቀሩት ይህ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ለተጋራው የኖቤል ሽልማት አብቅቶታል።

ተጎታች ግን ከመኪና የሚሻልበት ነገር አለው፤ ሆዱን አይደብቅም። ሞተር የለውም፣ ማርሽ የለውም። ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ጎማው ሁሉ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ግማሽ ሰዓት ጎንበስ ብሎ የመረመረ ገዢ ሻጩ ከሚያውቀው አብዛኛውን ሊደርስበት ይችላል፤ የመደራደር አቅሙም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ከጎማው መጀመር ይሻላል። ብዙ ሰው የጎማውን ጥርስ አይቶ «አዲስ ነው» ይላል። የተጎታች ጎማ ግን ከሮጠበት ይልቅ በቆመበት ያረጃል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከርሞ አንድ ሁለቴ ብቻ የሚወጣ ጎማ ጥርሱ ሳይበላ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፤ ጭነት ይዞ በአውራ ጎዳና ሲሮጥም ሊፈነዳ ይችላል። ዕድሜውን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በጎኑ «ዶት» ከሚሉት ፊደላት በኋላ ከተጻፈው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3518 ማለት እ.ኤ.አ. የ2018 35ኛ ሳምንት ነው። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ጎማ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የአዲስ ጥንድ ጎማ ዋጋ ሻጩ ከጠራው ላይ መቀነስ አለበት።

ቀጥሎ ኩሽኔታው ነው። ጎማውን በክሪክ አንስቶ በእጅ ማሽከርከር፣ ከዚያም ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ በቂ ነው። የሚያንገራግር ድምፅ ካለ ወይም ጎማው ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ተጎድቷል ወይም ላልቷል። ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው፤ መንገድ ላይ ግሎ ተሰብሮ ጎማ ቢያስወጣ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ይህን ፍተሻ የሚከለክል ሻጭ ዋጋው ምንም ቢረክስ ሊተው ይገባል። ላይ ላዩን ያለ ዝገት ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ተጎታቹ ከመኪናው በሚያያዝበት አንገትና በብየዳው ዙሪያ ያለ ስንጥቅ ነው፤ እዚያው ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከታየም ምክንያቱን መጠየቅ ነው።

ሊብሬውም የዋጋው አካል ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ለትንንሽ ተጎታች የባለቤትነት ሰነድ አይሰጡም፤ ሌሎች ደግሞ ያለ እሱ ሰሌዳ አይሰጡም። በአንዱ ግዛት በርካሽ የተገዛ ተጎታች በሌላው ባለቤቱን ደጅ ሊያስጠና ስለሚችል፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከርና ገንዘብ ከመክፈል በፊት የራስን ግዛት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመኪናው አቅምም አለ። ብዙ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የምትመቸው ቶዮታ ሲየና እስከ 3,500 ፓውንድ፣ ማለትም 1,590 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ትጎትታለች። በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ሆንዳ ሲአርቪ ግን 1,500 ፓውንድ ላይ ይቆማል፤ በዚህ ውስጥ የተጎታቹም የዕቃውም ክብደት ይቆጠራል። ከጠቅላላው ክብደትም ከ10 እስከ 15 በመቶው በመኪናው መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት፤ ዕቃው ወደ ኋላ ካደላ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ይወላገዳል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። አንድ ቤተሰብ ተጎታች በ700 ዶላር ገዛ፣ ለጎማና ለኩሽኔታ 250 ጨመረ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በ500 ሸጠ እንበል። የወጣው 450 ዶላር ነው፤ የሰሌዳና የምዝገባ ወጪው ሲቀር። ትንሽ ተጎታች በቀን በ20 ዶላር ተከራይቶ በዓመት ሁለቴ ለሦስት ሦስት ቀን የሚወጣ ቤተሰብ ደግሞ በአራት ዓመት 480 ዶላር ይከፍላል። ስለዚህ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚወጣ ቢገዛ ያዋጣዋል፤ አንዴ ብቻ የሚወጣ ቢከራይ ይሻለዋል። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ግቢዎች ተጎታች ማቆም ስለሚከለክሉ፣ የማቆሚያ ኪራይ ይጨመራል፤ በወር 40 ዶላር እንኳ ቢሆን በዓመት 480 ዶላር ደርሶ የአራት ዓመቱን ኪራይ በአንድ ዓመት ይውጠዋል።