የሞተር ቅየራና የማርሚታ ሥራ፦ ከራቤል መንገድ የተገኘ ትምህርት



የዛሬውን ርእስ ባስመዘገብሁ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማርሚታ ደግሞ የአደባባይ ንግግር ይወጣዋል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ፤ የማምንበትንም ምክንያት በሚቀጥሉት ደቂቃዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በአገራችን ሞተር መቀየር የተለመደ ሥራ ነው። ሻንሲው ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ሲደክም፣ ባለንብረቱ መኪናውን ከመጣል ይልቅ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ያስገባል። በዚህ ሥራ የሁሉም ሐሳብ በሞተሩና በካምቢዮው ላይ ያርፋል። ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ልክ ገባ? ካምቢዮው ገጠመ? ራዲያተሩ ይበቃዋል? እነዚህ ተመልሰው ሞተሩ ሲነሣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የጭስ ማውጫው የሚሠራው በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብና በተረፈው ሰዓት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ የጭስ ማውጫ የሞተር ቅየራ ትርፍራፊ ሥራ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊታቀድ የሚገባው፣ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ በመኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው እስትንፋስ የሚወስን ክፍል ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ በፊት በመንገድ ላይ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በግሼ፣ በራቤል ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አጎቴ ከኋላ ሸራ የለበሰ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ነበራቸው፤ ሰውና እህል ያመላልሱበታል። ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ሲደክም፣ ከራቤል ርቆ በሚገኝ ከተማ 2.4 ሊትር የሆነ፣ በካርቡራተር የሚሠራ ያገለገለ ሞተር አስገቡበት። መኪናው ዳገት በደስታ የሚወጣ ሆነ፤ አጎቴም እንደ አዲስ ተደሰቱበት።

በኅዳር ወር፣ በውርጭ ማለዳ፣ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ለመሄድ ከኋላ ከተሳፈሩት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሁላችንም ባናችንን ተከናንበን ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ሸራው በስተኋላ ትንሽ ሲከፈት «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ መታን!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተነሣ፤ ተዘጋም። ብዙ ሳይቆይ አንዲት እናት «ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አሉ። ሌላው አጥወለወለው። ሰዎቹም «የመንገዱ መገላበጥ ነው» ተባባሉ። በእናቱ ጭን ላይ የተኛውን ሕፃን ማንም ልብ አላለውም፤ ሕፃን በመኪና ይተኛልና። እናቱ ልታስነሣው ስትሞክር ግን አልነቃ አለ። ጩኸት ሆነ፤ ረዳቱ ጣሪያውን ደበደበ፤ መኪናው ቆመ። ልጁን አውጥተን በነፋሻው ሜዳ ላይ ያዝነው፤ ቀስ በቀስ ዓይኑን ገለጠ፤ አለቀሰም። እንደዚያን ቀን የልቅሶ ድምፅ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ሸራውን ከፍተው መጓዝ ጀመሩ፤ ተሳፋሪው በብርድ ቢያጉረመርምም። ሕመሙ ከሸራው መዘጋት ጋር መያያዙ ታውቆ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። ከዓመታት በኋላ የምህንድስና ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት ስመለስ፣ መኪናውን በክሪክ አስነሥተን፣ በድጋፍ ላይ አስቀምጠን ከሥሩ ገባሁ። አራት ጉድለቶች አገኘሁ። አንደኛ፣ ቱቦው በአንድ መታጠፊያ ላይ ተጨፍልቆ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሻንሲው ጎን ያለው መጋጠሚያ ከሥር ብቻ ተበይዶ ከላይ ክፍት ነበር። ሦስተኛ፣ ቱቦው የሚያበቃው ከጭነት ክፍሉ ሥር፣ ከኋላ ጎማ በፊት ነበር። አራተኛ፣ የካምቢዮው ማርሽ ዘንግ በሚወጣበት በጋቢናው ወለል ላይ አሮጌው ቀዳዳ ሳይደፈን ቀርቶ ነበር። የቀረውን ንግግሬን በእነዚህ አራት ጉድለቶች ላይ እመሠርታለሁ።

በቅድሚያ የቱቦውን ስፋት እንመልከት። አንዳንድ ባለሙያዎች «ሞተር ወደ ኋላ የሚገፋው ግፊት ይፈልጋል» ይላሉ። ይህ አባባል ከፊል እውነት የያዘ ስሕተት ነው። ሞተር የሚፈልገው ጭሱ ፍጥነቱን ሳያጣ እንዲወጣለት ነው። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይወድቃል፤ በዝቅተኛ ዙርም ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ሲጠብ ደግሞ ፒስቶኑ የተቃጠለውን ጋዝ ለመግፋት ጉልበት ያባክናል፤ ከፊሉም ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ ቀርቶ አዲሱን አየር ያጨናንቃል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ባለ አራት ምት ሞተር ሙሉ ይዘቱን የሚስበው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የ2.4 ሊትሩ ሞተር በደቂቃ 4,000 ዙር ሲሽከረከር፣ ሲሊንደሮቹ 80 በመቶ ይሞላሉ ብንል፣ በሰከንድ 64 ሊትር አየር ይስባል። ይህ አየር በ10 ዲግሪ ገብቶ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወጣ፣ ይዘቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ወደ 197 ሊትር በሰከንድ ይደርሳል። ይህ ጋዝ ውስጠ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ነው፤ በ50 ሚሊሜትር ቱቦ ግን ወደ 100 ሜትር ይወርዳል። የፍሰት መጠኑ ሳይለወጥ በቱቦው ግጭት የሚጠፋው ግፊት ከስፋቱ አምስተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ፣ ከ38 ወደ 50 ሚሊሜትር መሸጋገር የግፊቱን ብክነት ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ያወርደዋል። የአሥራ ሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ይህን ያህል ዋጋ አለው። ለትንሹ ሞተር የተሠራውን ቱቦ ለትልቁ ማውረስ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተጨፈለቀው መታጠፊያም በዚሁ ሕግ ይታያል። ሰፊ ቱቦ ገዝቶ በአንድ ቦታ ማጥበብ፣ ገንዘብን በሰፊ ቱቦ ከፍሎ በጠባብ ቱቦ መጠቀም ነው። የመታጠፊያ መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፍጹም የደረቀ አሸዋ በቱቦው ውስጥ ጠቅጥቆ፣ መታጠፊያውን በእሳት አግሎ በዝግታ ማጠፍ ነው። እርጥብ አሸዋ በእንፋሎት ግፊት አደጋ ስለሚያስከትል ድርቀቱ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ቱቦውን በሰያፍ ቆራርጦ ቁርጥራጮቹን በማገጣጠም መበየድ ነው። ብየዳው ይበዛል፤ ስፋቱ ግን ይጠበቃል።

ወደ ሁለተኛው ጉድለት ልለፍ። መጋጠሚያው ከላይ ክፍት የቀረው በያጁ ሰነፍ ስለነበረ አይመስለኝም። ቱቦው በመኪናው ላይ እንዳለ ስለተበየደ የበያጁ እጅም ዓይኑም ከላይ አልደረሰም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሞተሩና ካምቢዮው በመጨረሻ ቦታቸው በብሎን ይታሰራሉ፤ ከዚያ በፊት የተለካ ቱቦ ከንቱ ነው። ቱቦው ቁራጭ በቁራጭ በቦታው እየተለካ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያያዛል። ቀጥሎ ተፈትቶ ይወርዳል፤ በጠረጴዛ ላይ እየተሽከረከረ ዙሪያውን ይበየዳል። ይህ እንዲቻል ቢያንስ አንድ በብሎንና በጓርኒሲዮን የሚፈታ መጋጠሚያ ያስፈልጋል። ያ መጋጠሚያ ነገ ካምቢዮ ለማውረድ ለሚመጣው ባለሙያም ውለታ ነው። በመኪናው ላይ ነጥብ በሚበየድበት ጊዜ ባትሪው ሊፈታ፣ የቤንዚን መስመሩም ሊጠበቅ ይገባል።

ስለ ቁሳቁሱም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዚንክ የተለበጠ የውኃ ቧንቧ በየሱቁ ስለሚገኝ ለማርሚታ ሥራ ሲውል ይታያል። ዚንክ በብየዳ ሙቀት ይተናል፤ ጭሱን የተነፈሰ በያጅ በዚያው ምሽት እንደ ወባ ሊያንቀጠቅጠውና ሊያተኩሰው ይችላል። ሌላ ቱቦ ከጠፋ እንኳ፣ ዚንኩ ከብየዳው ቦታ ተፍቆ፣ ሥራው በነፋሻ ስፍራ ይከናወን።

የቱቦው አካሄድም የራሱ ሥርዓት አለው። ሞተር በጎማ መቀመጫው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሻንሲው ግን አይከተለውም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚለጠጥ ቁራጭ ቱቦ ካልገባ፣ ቱቦውም በጎማ ማንጠልጠያ ካልተሰቀለ፣ የመጀመሪያው ስንጥቅ በማኒፎልዱ አጠገብ፣ ማለትም ለጋቢናው በቀረበው ቦታ ይወጣል። ቱቦው ከፍሬን መስመር፣ ከቤንዚን ጋንና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቅ። ባሌስትራው ተጨናንቆ የኋላው አክስል ወደ ላይ ሲወጣ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ይለካ፤ በግሼ መንገድ ላይ ባሌስትራ ሥራ ፈትቶ አይውልም።

ሦስተኛው ጉድለት የሕፃኑን ሕይወት ሊያሳጣ የነበረው ነው። ሸራ የለበሰ መኪና ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳው አየርም በአካባቢው ያለውን ጋዝ ወደ ራሱ ይስባል። ቱቦው ከጭነት ክፍሉ ሥር ካበቃ ጭሱ በወለሉ ስንጥቅና በሸራው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የመጨረሻው ቱቦ ከመኪናው አካል ጠርዝ አልፎ መውጣት አለበት፤ የቀረው ሁሉ በትክክል ቢሠራ እንኳ ይህ ከተጓደለ ሥራው አልተሠራም።

አራተኛው ጉድለት የሞተር ቅየራ ልዩ ጠባይ ነው። አዲስ ካምቢዮ የማርሽ ዘንጉን ቦታ ይለውጣል፤ አዲስ ሽቦ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ ያስከፍታል፤ አሮጌዎቹም ክፍት ይቀራሉ። እያንዳንዱ በላሜራና በጎማ መደፈን አለበት። ከዚያም ፍተሻ ይከተላል፦ ሞተሩ በቀዝቃዛነቱ ተነሥቶ፣ የቱቦው ጫፍ ለአፍታ በወፍራም ጨርቅ ሲታፈን፣ የሚያፈተልክ ጭስ በየመጋጠሚያው ድምፁን ያሰማል። ይህ ፍተሻ የሚከናወነው ከቤት ውጭ ነው።

አሁን ራቤልን ለምን እንዳነሣሁ ግልጽ ላድርግ። በቤንዚን ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚያፍነው በዚሁ ጋዝ ነው። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ያለው የመጣበቅ ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ደጋ ላይ ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው በመንዝ ምድር ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ደማችን የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ አነስተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ በዚህ ከፍታ በ15 በመቶ ገደማ በቤንዚን ይወፍራል፤ የወፈረ ድብልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድን ያበዛል። ሦስተኛ፣ ብርድ ነው፤ መስኮትና ሸራ ይዘጋል። ራስ ምታቱም፣ ማጥወልወሉም፣ እንቅልፉም በመንገዱ ይመካኛል። ጋዙ ብዙ፣ ኦክስጅኑ ጥቂት፣ በሩ ዝግ ነው።

ቆላ ላይ ራስ ምታት ብቻ የሚያመጣ ጉድለት ደጋ ላይ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ለደጋ መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ከማርሚታው ጋር ካርቡራተሩንም ለከፍታው ማስተካከል አለበት።

የአጎቴን መኪና ያስተካከልነው በሁለት ቀን ነው። ቱቦውን አውርደን፣ መታጠፊያውን ቆርጠን እንደገና ሠርተን፣ መጋጠሚያውን ዙሪያውን በይደን፣ ጫፉን ከአካሉ ጠርዝ አሳልፈን፣ ቀዳዳዎቹን ደፈንን። የፈጀው ገንዘብ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ያነሰ ነበር። አጎቴ ከሥሩ ቆመው ሲመለከቱ ቆይተው «ይህን ያህል ብቻ ነበር?» አሉ። ዝም አልሁ፤ ይህን ያህል ብቻ መሆኑ እኔንም ከብዶኝ ነበርና።

ውድ ተማሪዎች፤ ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መስማማቱን እንጠይቃለን፤ መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጥያቄ እንድትጨምሩበት አደራ እላለሁ፦ ጭሱ የት ገብቶ የት ይወጣል? በጀት ስትይዙ የማርሚታውን ገንዘብ ከሞተሩ ገንዘብ ጋር በአንድ ቀን መድቡ። ከሥራችሁ በኋላ በመኪናው የሚሳፈረው ሰው ብየዳችሁን አያየውም፤ ባናውን ተከናንቦ፣ ሸራውን ዘግቶ፣ እናንተን አምኖ ይተኛል።