ረዳቱ ተራውን ይጠብቅ

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲመረቅ በዋናነት የታሰበው ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ነው። የልብስ ፋብሪካ ሥራ የመስመር ሥራ ነው፤ አንዷ ኮሌታ፣ ሌላዋ እጅጌ፣ ሌላዋ ኪስ ትሰፋለች። አንዷ ጋ የተበላሸው ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ሙያውን ለየብቻ ተምሮ መጨረስ አይቻልም።

ለዚህ ዓይነቱ የጋራ ትምህርት አገራችን የለመደችው ዘዴ ካይዘን ነው። በጃፓን ድጋፍ መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉትን አምስቱን «ማ»ዎች ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ማስታወቂያ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። የካይዘን ጉልበት ያለው ግን የልማት ቡድን በሚባለው ውስጥ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓን ውስጥ ከተጀመሩት የጥራት ቡድኖች የመጣ ሲሆን፣ አንድ ሥራ የሚጋሩ ሠራተኞች ተሰብስበው የገዛ ችግራቸውን መንስኤ ይፈልጋሉ።

ታዲያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እዚህ መሐል ምን ይሠራል? እንበል፣ አንድ መስመር ላይ ስፌት እየዘለለ አስቸገረ። አንዷ መርፌው ተጣሟል ትላለች፤ ሌላዋ የክሩን ውጥረት ትጠረጥራለች፤ መካኒኩ መንጠቆው ከመርፌው ጋር በጊዜው አይገናኝም ይላል። ስፌቱ የሚዘለው ጨርቁ ተደራርቦ በሚወፍርበት ቦታ ብቻ መሆኑን ያየችው ግን ገና የተቀጠረች፣ ከኦሮምኛ ሌላ የማትናገር ልጅ ናት። ስብሰባው በአማርኛ ከሆነ ዝም ትላለች። ሱፐርቫይዘሩ ይናገራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል።

የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛን ደግሞ በ2022 ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ልጅቷ በኦሮምኛ ያለችውን በአማርኛ ጽፎ ለቡድኑ ሊያቀርብ ይችላል። የሙያ ቃል ላይ ግን ይሳሳታል፤ የተጻፈው ጮክ ተብሎ ይነበብና ልጅቷ ራሷ ታርመው። ያልተናገረ ሰው ካለ እንዲያስታውስም ማዘዝ ይቻላል። ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ 699 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ የቡድን ብቃት ከአባላቱ የግል ብልህነት ይልቅ ንግግሩ ለሁሉም ከመዳረሱ ጋር ይበልጥ ይያያዛል።

መፍትሔ መጠየቅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግትር ነኝ። ሰዎቹ ያዩትን ተናግረው ሲጨርሱ «ምን ረሳን?» ይባል። ያኔ ረዳቱ የመርፌው ቁጥር ለጨርቁ ውፍረት ይስማማል ወይ ብሎ ሊያነሳ ይችላል፤ ልጅቷ ካየችው ጋር ሲገጥም መርፌ ብቻ ተቀይሮ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ስልኩ ቀድሞ ከተጠየቀ ግን ረጅም ዝርዝር በልበ ሙሉነት ይደረድራል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይከራከረዋል? እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዙ ጸሐፊዎች አጫጭር ታሪኮች እያንዳንዳቸው ሲሻሻሉ እርስ በርስ ግን ይበልጥ እንደተመሳሰሉ አሳይቷል። መስመሩን የሚያድነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላው የተለየው አስተያየት ነው።

አንድ ጉዳይ ከሁሉም በፊት ይወሰን፤ ስልኩ የሚቀዳው የድምፅ ቅጂ የማን ነው? ለግል ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር፣ ቃሏ አለቃዋ ዘንድ እንደሚደርስ የጠረጠረች ኦፕሬተር ስህተቷን አትናገርም። ቅጂው ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ ይጥፋ፤ ወደ ቢሮ የሚሄደው ወረቀትም ምን እንደተሞከረና ምን እንደተገኘ ይግለጽ እንጂ ማን ምን እንዳለ አይጻፍበት።