ጊዜ ያለፈበት ዱካና የከርነል ጥርጣሬ

አንድ ፕሮግራም ፋይል እንዲከፈትለት ሲጠይቅ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ለሆነው ከርነል የሚያቀርበው ዱካ፣ ማለትም ከአንድ መነሻ ፎልደር ተነስቶ እስከ ፋይሉ የሚዘልቅ የስሞች ሰንሰለት ሲሆን፣ ከርነሉም ሰንሰለቱን ስም በስም እየተከተለ እያንዳንዱን ስም ከአይኖዱ ጋር፣ ይኸውም የፋይሉን ባለቤት፣ መጠንና ፈቃድ ከያዘው መዝገብ ጋር ያገናኛል። ይህን ሁልጊዜ ከዲስክ እያነበቡ መሥራት እጅግ አዝጋሚ ስለሚሆን፣ ሊኑክስ አንድ ጊዜ የተፈታውን ስም ዴንትሪ በሚባል አነስተኛ መዝገብ አድርጎ በሜሞሪ ያቆየዋል። የዴንትሪዎቹ ካሽ የተገኘውን ብቻ ሳይሆን የታጣውንም ይመዘግባል፤ በዚህ ፎልደር ውስጥ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም የሚለው መልስ አሉታዊ ዴንትሪ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ አንድን ላይብረሪ በብዙ ፎልደሮች ውስጥ በየተራ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች በየጊዜው ዲስኩን ከመጠየቅ ይድናሉ።

ፋይሎቹ በኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ላይ ሲሆኑ ካሹ እምብዛም አይሳሳትም፤ ስም መቀየሩም ሆነ መሰረዙ በከርነሉ በኩል ስለሚያልፍ ዲስኩና ካሹ በአንድነት ይታረማሉ። እዚህ ያለው ችግር የእርጅና ሳይሆን የአፍታ ነው፤ አንዱ ፕሮሰሰር ዱካውን እየተከተለ ሳለ ሌላው መካከለኛውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ስሪት 2.6.38 የገባው፣ አርሲዩ በተባለው ያለ ቁልፍ የማንበቢያ ዘዴ ላይ የተመሠረተው የፍለጋ ስልት እያንዳንዱን ዴንትሪ ከመቆለፍ ይልቅ የለውጥ ቁጥሩን አንብቦ ያልፋል፤ ቁጥሩ በመካከሉ ተለውጦ ከተገኘ ውጤቱ ይጣልና ፍለጋው ዝግ ባለው ግን አስተማማኝ በሆነው መንገድ ይደገማል።

ኤንኤፍኤስን በመሰለ የኔትወርክ ፋይል ሥርዓት ግን ሌላ ኮምፒውተር በሰርቨሩ ላይ ያለውን ፋይል ሲሰርዝ ወይም ሲተካ የዚህኛው ከርነል ወዲያው የሚያውቅበት መንገድ በአብዛኛው የለውም። በዚህም ምክንያት ከርነሉ ዴንትሪውን ከካሹ ሲያገኝ አሁንም ይታመን እንደሆነ የፋይል ሥርዓቱን ይጠይቃል፤ አይታመንም ከተባለ ዴንትሪው ይወገድና ስሙ እንደ አዲስ ከሰርቨሩ ይፈለጋል። በእያንዳንዱ ስም ሰርቨሩ ድረስ መሄድ የካሹን ጥቅም ስለሚያስቀር፣ ኤንኤፍኤስ ስለ ፎልደሩ መጨረሻ የሰማውን ለተወሰነ ጊዜ፣ በነባሪው አቀማመጥ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ፣ እንደ እውነት ይይዛል። በሥራ ላይ የሚያጋጥመው ግራ መጋባት በብዛት የሚወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ሲሆን፣ ይበልጥ አሳሳቹ ደግሞ አሉታዊው ዴንትሪ ነው፤ የተሰረዘ ፋይልን አለ የሚል ዴንትሪ ብዙውን ጊዜ ስህተት አስነስቶ ራሱን ሲያጋልጥ፣ አሁን የተፈጠረን ፋይል የለም የሚለው ግን ትክክለኛ መልስ መስሎ ያልፋል። አንዱ ማሽን ውጤቱን ጽፎ ሌላው ያንኑ ፋይል በሚጠባበቅበት ሥርዓት፣ ኤንኤፍኤሱ ሲጫን ሉክአፕካሽ የተባለውን አማራጭ ፖስ ማድረግ፣ ማለትም አሉታዊ ዴንትሪዎች ብቻ ጥቅም ላይ ከመዋላቸው በፊት ሁልጊዜ እንዲጣሩ ማዘዝ፣ ከሰርቨሩ ጋር ጥቂት ተጨማሪ ምልልስ ቢያስከትልም ዋጋው የሚያስቆጭ አይደለም።

አንዳንድ የሲስተም አስተዳዳሪዎች ግን ችግሩ በታየ ቁጥር የማሽኑን ካሽ በሙሉ የማራገፍ ልማድ አላቸው። ካሹን የሚያራግፈው ትእዛዝ በአገልግሎት ላይ ያሉትን ዴንትሪዎች አይነካም፤ የሚነካው ከቀሩት መካከል ያረጁትንና ጤነኞቹን በአንድነት ነው፤ የከርነሉ የራሱ ሰነድም ከሙከራና ከስህተት ፍለጋ ውጭ አይመክረውም።

ዴንትሪው ታምኖ ታልፎ ሰርቨሩ የቀረበለትን የፋይል መለያ አላውቀውም ሲል፣ ኢስቴል የተባለው ስህተት ይመለሳል። ስህተቱ የተነሣው በዱካ ፍለጋ ላይ ከሆነ ከርነሉ እያንዳንዱ ዴንትሪ በግድ እንዲጣራ አድርጎ ፍለጋውን አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ሁለተኛውም ካልተሳካ ስህተቱ ለፕሮግራሙ ይደርሳል። ቀድሞ የተከፈተ ፋይል ግን የሚነበበው በመለያው እንጂ በስሙ ስላልሆነ፣ ሌላ ማሽን ከሰረዘው በኋላ የሚደገም ፍለጋ አይኖርም፤ ለወራት ሳይቋረጡ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይህ ስህተት ሲደርሳቸው ፋይሉን ዘግተው በስሙ እንደገና እንዲከፍቱ ተደርገው መጻፍ ይኖርባቸዋል።