ከ100ው ካርድ የትኛው ይውጣ?

ማጂክ የተባለው የካርድ ጨዋታ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከደረሰ የሚደርሰው በሰው ሻንጣ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከጫማና ከስልክ መሀል አንዲት ሳጥን ይሸጉጣል፤ በውስጧ ለጨዋታ የተሰናዱ 100 ካርዶች አሉ። ሳጥኗ እንደተከፈተች መጫወት ይቻላል። ብዙ ምሽት ከተጫወቱ በኋላ ግን ጥቅሉን በትንሽ ገንዘብ እንዴት እናጠንክረው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ካርድ የሚሸጥ መደብር ሰፈሩ ውስጥ ላለው ልጅ ጥያቄው ቀላል ነው፤ የተሳሳተ ካርድ ቢገዛ በማግስቱ ሌላ ይገዛል። የሲቀላ ተጫዋች ቀጣዩን ሻንጣ መጠበቅ አለበት። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እዚህ አምስት ካርድ ማዘዝ ታስቦበት የሚደረግ ነገር ነው።

ስለዚህ ከዋናው ሐሳብ ልጀምር፦ ማጠናከሩ የሚጀምረው ካርድ በማውጣት ነው፤ ለማውጣት ደግሞ ሳንቲም አይጠየቅም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ማጂክን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተመው። ተጫዋቹ የመሬት ካርዶችን ያወርዳል፣ እያጋደመ ማና የተባለውን ኃይል ያወጣባቸዋል፣ በማናው ፍጡራንና አስማት ይጠራል። ዛሬ በጓደኛሞች መካከል እጅግ የተወደደው አጨዋወት ኮማንደር ይባላል። አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ በ40 ነጥብ ሕይወት ይጀምራል። ጥቅሉ ልክ 100 ካርድ ነው፤ አንዱ መሪ ነው፣ ከተራ መሬቶች በቀር ማንኛውም ካርድ ከአንድ በላይ አይገባም። ይህ አጨዋወት አላስካ ውስጥ ተጫዋቾች ራሳቸው የፈጠሩት ነው፤ ኩባንያው ተዘጋጅተው የሚሸጡ የኮማንደር ጥቅሎችን ማውጣት የጀመረው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

የተዘጋጀ ጥቅል የሚላላው ካርዶቹ ደካማ ስለሆኑ አይደለም። አዘጋጆቹ ለማያውቁት ገዢ ስለሚሠሩ ከሁሉም ያቀምሱታል፦ ትንሽ ጦር፣ ትንሽ ከመቃብር ማስነሳት፣ ትንሽ ግዙፍ አውሬ፣ ሌላ ሐሳብ ያለው ተለዋጭ መሪም ጭምር። የዶርዜ ሸማኔ በአንድ ነጠላ ጫፍ ላይ ሦስት ጥለት ቢጀምር ክሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አንዱም አይጠናቀቅለትም፤ የተዘጋጀ ጥቅልም ችግሩ ይኸው ነው።

በምሳሌ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጡት ጥቅሎች አንዱ ኤልቨን ኤምፓየር ነው፤ መሪው ላትሪል ትባላለች። እሷን ለመጥራት አራት ማና ያስፈልጋል። ተጋጣሚን መትታ ጉዳት ስታደርስ በጉዳቱ ልክ ኤልፍ የተባሉ ትናንሽ ፍጡራንን ትወልዳለች። ሌላም ችሎታ አላት፦ ራሷና ሌሎች አሥር ኤልፎች ከተጋደሙ እያንዳንዱ ተጋጣሚ 10 ሕይወት ያጣል፣ ባለቤቷም 10 ያገኛል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ለማጥቃት መጋደም አለባት፤ ለችሎታዋም መጋደም አለባት፤ በአንድ ተራ ሁለቱን በአንድነት አታደርግም። ታዲያ የጥቅሉ ሥራ ምንድን ነው? አሥር ኤልፍ በፍጥነት ማሰባሰብ፣ ከዚያም ላትሪልን ደጋግሞ ማሠራት። ይህ ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱን ካርድ አንስቶ “ወደ አሥሩ ኤልፍ ያቀርበኛል ወይ?” ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ “አይ፣ ግን ካርዱ ኃይለኛ ነው” ከሆነ ይውጣ። ስድስትና ሰባት ማና የሚበሉ፣ ኤልፍ ያልሆኑ ግዙፍ ፍጡራን በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ጀማሪ የሚሳሳላቸውም እነሱን ነው፤ እነሱን ለማቆየት ሲል መሬት ይቀንሳል።

መሬት መቀነስ ግን ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው። ከመሪዋ ሌላ 99 ካርድ አለ። በኮማንደር የመጀመሪያው ተጫዋች እንኳ ካርድ ስለሚስብ፣ ከመነሻው እጅ ጋር አራተኛው ተራ ላይ 11 ካርድ አይተናል። 37 መሬት ካለ ከ11ዱ በአማካይ 4.1 የሚሆኑት መሬት ናቸው፤ ላትሪል በሰዓቷ ትወርዳለች። ወደ 32 ከወረደ አማካዩ 3.6 ይሆናል፤ እጅ ሙሉ ኃያላን ይዞ ሌሎች ሲጫወቱ ማየት ነው። ከመሬቶቹ ውስጥ ተጋድመው የሚወርዱትን ቀንሶ በምትካቸው ተራ ጫካና ረግረግ ማስገባት ግን ያፈጥናል። ለሁለት ቀለም ጥቅል ውድ መሬት ማሳደድ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጡት በአንድ ማና ወርደው ማና የሚያወጡት ትናንሽ ኤልፎች ናቸው። ላኖዋር ኤልቭስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደገና ታትሟል፤ ስለዚህም ርካሽ ነው፤ ኤልቪሽ ሚስቲክና ፊንድሆርን ኤልቭስ ስማቸው ቢለይም ሥራቸው አንድ ነው። እንዲህ ያሉ በአንድና በሁለት ማና የሚወርዱ አፋጣኞች በጥቅሉ ውስጥ ስድስት ቢሆኑ፣ እስከ ሁለተኛው ተራ በሚታዩት ዘጠኝ ካርዶች ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል 44 በመቶ ነው። አሥር ሲሆኑ 63 በመቶ ይደርሳል። አራት ርካሽ ካርዶች ይህን ያህል ለውጥ ያመጣሉ፤ ላትሪልም በሦስተኛው ተራ ትወርዳለች፣ ራሳቸው አፋጣኞቹም ከአሥሩ ይቆጠራሉ። አንድ ካርድ ዋጋውን እንዲህ በሁለት በኩል ሲከፍል ደስ ይላል።

ከሁሉ የምወደው ጭማሪ ግን ክዌስት ፎር ሪኒዋል የተባለው እ.ኤ.አ. የ2010 ካርድ ነው። የራሳችን ፍጡር በተጋደመ ቁጥር ምልክት ይጠራቀምበታል፤ አራት ሲሞላ ፍጡሮቻችን በእያንዳንዱ ተጋጣሚ ተራ መጀመሪያ ላይ ይቃናሉ። ላትሪል ችሎታዋን አንዴ ስትጠቀም 11 ፍጡር ስለሚጋደም ምልክቱ ወዲያው ይሞላል። ችሎታዋ ደግሞ በሌላ ሰው ተራም ይሠራል። እንግዲህ እንቁጠር፦ በራሳችን ተራ 10፣ በሦስቱ ተጋጣሚዎች ተራ 10 10 10፤ በአንድ ዙር 40፣ ያውም ከእያንዳንዳቸው። በሌላ ጥቅል ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ካርድ እዚህ ጨዋታ ይጨርሳል። ይህ በዋጋ ዝርዝር አይገኝም፤ የመሪን ጽሑፍ ቃል በቃል በማንበብ ነው የሚገኘው።

ውድ ካርድ የተሻለ ዋስትና አለው የሚል ካለ መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. የሆነውን ያስታውስ። ማና ክሪፕትና ጁወልድ ሎተስ፣ ከአጨዋወቱ ተፈላጊና ውድ ካርዶች መካከል የነበሩት፣ በአንድ ቀን ታገዱ፤ ዋጋቸውም ወደቀ።

የሲቀላ ተጫዋች አንድ ጥሩ መፍትሔ አለው፤ እሱም ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የካርዱን ጽሑፍ በጥቁርና ነጭ አትሞ፣ በልኩ ቆርጦ፣ ከትርፍ መሬት ካርድ ፊት አድርጎ ላስቲክ ውስጥ መክተት። ኩባንያው ራሱ ለግል መለማመጃ፣ ያለ ንግድ የሚሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት እንደማያሳስበው ተናግሯል፤ የማይፈቀደው እውቅና ባለው ውድድር ነው፤ መሸጥም ነውር ነው። ጓደኞቻችሁ እስካወቁና እስከተስማሙ ድረስ አሥር ዓይነት ጭማሪ በወረቀት ሞክራችሁ፣ በእጃችሁ ሲገባ “ጎሽ!” ያሰኛችሁን ብቻ ማዘዝ ትችላላችሁ። በእጅ ገብቶ ወርዶ የማያውቅ ካርድ በወረቀት እያለ ቢወጣ ማንም አይከስርም።

አራቱ ጓደኛሞች እኩል ማደጋቸውም ያሳስበኛል። አንዱ ብቻ አጠንክሮ ሌሎቹ በየምሽቱ ከተሸነፉ ጨዋታው ይፈርሳል፤ ሲቀላ ውስጥ ደግሞ ሌላ አራተኛ ሰው መፈለግ ካርድ ከመፈለግ ይከብዳል። ከአንዱ ጥቅል የወጣው ግዙፍ አውሬ በጓደኛው ጥቅል ዋና ሊሆን ይችላልና የወጡትን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መለዋወጥ ይበጃል።

በሚቀጥለው ሻንጣ አምስት ካርድ ብቻ የሚገባ ከሆነ ለላትሪል የማዝዘው ክዌስት ፎር ሪኒዋልን፣ ከሳጥኑ የጎደሉትን ሁለት ባለ አንድ ማና ኤልፎች፣ ሲወርድ ካርድ የሚያስስበውን ኤልቪሽ ቪዥነሪን፣ አምስተኛ ስዊፍትፉት ቡትስ የተባለውን የጫማ ካርድ ነው። ጫማው ላትሪልን ከተጋጣሚ አስማት ይከልላታል፤ በወረደችበት ተራም፣ እንደ ሌላው አዲስ ፍጡር ሳትጠብቅ፣ ለችሎታዋ እንድትጋደም ያስችላታል። አሥሩ ኤልፎች ግን ገና አሁን የወረዱም ቢሆኑ ለዚህ መጋደም ይችላሉ፤ ይህን ደንብ የማያውቅ ተጋጣሚ ስለሚከራከር የካርዱን ጽሑፍ አውጥቶ ማሳየት ነው።