ቦይለር ልታስገቡ ነው? ከዋጋው በፊት ግራውንዱን ጠይቁ

«ሻወር ስገባ ቧንቧው ትንሽ ትንሽ ይነዝረኛል፣ ችግር አለው እንዴ?»

ይሄ በቅርቡ በውስጥ መስመር የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነው፤ ቦይለሩን ካስገባ አንድ ወር አልሞላውም። አዎ፣ ችግር አለው። መልሳችንም አጭር ነበር፦ አሁኑኑ ብሬከሩን አጥፋ፣ ባለሙያ ሳያየው እንዳታበራው።

እናንተ ግን ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን ይሄን አይደለም። «ቦይለር ስንት ገባ?» ነው የምትሉን። ስለዚህ ዛሬ ከዋጋው እንጀምርና ወደ መንዘሩ እንመጣለን።

ቁጥር ብንጽፍላችሁ በሳምንቱ ውሸታም እንባላለን። ዕቃው ከውጭ ነው የሚገባው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ነጋዴው ጠዋት የነገራችሁን ዋጋ ከሰዓት ላይደግመው ይችላል። ሦስት ሱቅ ዞራችሁ ጠይቁ፣ ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ይኸው ነው። ሰው የሚሸወደው ከሳጥኑ ውጭ ባለው ወጪ ነው። ሽቦ፣ ብሬከር፣ ሶኬት ወይም ማብሪያ፣ ፍሌክሲብል ቱቦ፣ ፊሸርና ብሎን፣ የፒፒአር ቧንቧና መገጣጠሚያው፣ ሚክሰር፣ የኤሌክትሪሺያን እጅ፣ የሳኒተሪ ባለሙያ እጅ። መታጠቢያ ቤታችሁ ድሮውኑ የሙቅ ውሃ መስመር ከሌለው ደግሞ ግድግዳ ይቦረቦራል፣ ሴራሚክ ይሰበራል፤ በጣም የሚያስወጣው እሱ ነው። ከመካከላችን አንዳችን ቤት ስናስገባ ለነዚህ ብቻ የወጣው የቦይለሩን ዋጋ ግማሽ አልፏል። ተመሳሳይ ሴራሚክ ፍለጋ የዞርነውን ሳንቆጥር።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቀው፣ 30፣ 50፣ 80 ሊትር እየተባለ የሚሸጠው። ሁለተኛው ኢንስታንት የምንለው፣ ውሃው ሲያልፍ እዚያው የሚያሞቀው ትንሽዬ ሳጥን ነው። ኢንስታንት ርካሽ ስለሆነ ብዙ ወጣት ወደ እሱ ይሄዳል። ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። 1,500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ነው የሚስበው። 5,500 ዋት ኢንስታንት ግን 25 አምፔር ይስባል። ተራ ሶኬት ቢበዛ የሚችለው 16 ነው። ስለዚህ ኢንስታንት ሶኬት ላይ አይሰካም፤ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ የራሱ ወፍራም ሽቦ (6 ሚሊ ሜትር ካሬ) እና የራሱ ባለ 32 ብሬከር ይፈልጋል። ለቦይለሩ 2.5 ሽቦ እና ባለ 16 ብሬከር ይበቃዋል፣ እሱም ለብቻው መስመር ከሆነ። ጊቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ ሦስት ቤት የምትጠቀሙ ከሆነ ኢንስታንቱን እርሱት። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ስታበሩት ጊቢው በሙሉ ይጨልማል፣ ጥፋተኛውም እናንተ ናችሁ።

ሌላም አለ። ኢንስታንት እንዲነሳ የውሃ ግፊት ይፈልጋል። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። ሮቶው ከሻወሩ በላይ ሁለት ሜትር ላይ ከተቀመጠ ያላችሁ ግፊት 0.2 ባር ነው፤ በዚህ ብዙዎቹ ኢንስታንቶች ጭራሽ አይበሩም። ፓምፕ ሊያስገዛችሁ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ መንዘሩ።

ከሶኬቱ የሚወጣው አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ሽቦ ግራውንድ (አርዝ) ይባላል። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ኤለመንት ሲያረጅ ወይም ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃውና ወደ ብረቱ አካል ይወጣል። ግራውንድ ካለ በሽቦው ወደ መሬት ይሄዳል። ከሌለ መንገዱ እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን የቆመው ሰው ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሦስተኛዋ ሽቦ ሶኬቱ ጋ አለች፣ ሌላኛው ጫፏ ግን የትም አልታሰረም። አንዳንዱ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ «ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር አገናኘሁልህ፣ ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም! ኒውትራሉ ከቆጣሪ እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቢበጠስ ወይም ቢላላ፣ ቦይለሩ ምንም ሳይበላሽ አካሉ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። «ከውሃ ቧንቧው ጋር ልሰርልህ» የሚልም ይገጥማችኋል፤ የዛሬ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ስለዚህ ክፍያ ከመስማማታችሁ በፊት ባለሙያውን «ግራውንዱን ለካልኝ» በሉት። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከብሬከር ሳጥኑ ጋር መገናኘቱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ኢኤልሲቢ (አርሲዲም ይሉታል) አስገጥሙ። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ተራ ብሬከር ሰው እየነዘረም ላይጥል ይችላል። ኢኤልሲቢው ላይ ያለችውን «ቲ» የተጻፈባት ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኗት። ካልጣለ አይሠራም ማለት ነው።

ግድግዳውንም እዩ። 50 ሊትር ውሃ 50 ኪሎ ነው፤ ከነቦይለሩ 65 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር መስቀል አያዋጣም፤ ኮሎን ወይም ቢም ላይ ይሰቀል፣ ካልሆነ ግድግዳውን አልፎ ከጀርባ በብረት የሚታሰር ብሎን ይሁን። የጂፕሰም ወይም የቺፑድ ግድግዳ ከሆነ አታስቡት።

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የምትገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ ውሃ ስታንጠባጥብ «ፈሰሰ» ብላችሁ እንዳትደፍኗት። ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ትርፍ ይፈጠራል። ያ ትርፍ መውጫ ካጣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሽ አውርዷት። ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩ መጀመሪያ የሙቅ ቧንቧውን ከፍታችሁ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወጣ ጠብቁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ባዶ ቦይለር አብርቶ ኤለመንት ያቃጠለ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

ወርሃዊ ቢሉስ? 50 ሊትርን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በ1,500 ዋት ቦይለር አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ ሁለት ሦስት ሰው ይታጠብበታል። በየቀኑ አንዴ ብታሞቁ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ማለት ነው። ቀን ከሌት በርቶ የሚውል ከሆነ ማንም ሳይጠቀምበት ለሚባክነው ሙቀትም ትከፍላላችሁ። ታሪፉ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋም ይጨምራል፤ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። የመጨረሻ ቢላችሁን አውጡና ጠቅላላ ብሩን ለኪሎዋት ሰዓቱ አካፍሉት፣ ከዚያ በ72 አባዙት። እርከን ስለምትቀይሩ ትንሽ ጨምሩበት። ኢንስታንት ቢል ያከብዳል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ብትታጠቡ የሚበላው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ፣ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ከአከራያችሁ ጋር በወረቀት ተስማሙ። ስትለቁ ቦይለሩ የማን ነው? የተበሳው ሴራሚክስ? ግራውንዱን ማን ያስቀብራል? የመጨረሻዋ ጥያቄ አከራዩን የምትመለከት ይመስለናል፤ ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ዘንጉም እዚያው ነው የሚቀረው።

የጻፈልን ልጅ ኤሌክትሪሺያን አስጠርቶ አሳይቷል። ጊቢው ውስጥ የተቀበረ ዘንግ የለም፤ ሦስተኛዋ ሽቦ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልላ ተገኝታለች። አከራዩ «አሥር ዓመት ስንኖርበት ማንንም ነዝሮ አያውቅም» ብለዋቸዋል። ያኔ ቤቱ ቦይለር አልነበረውም። ወጪውን እኩል እንካፈል ብሎ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው፤ እስከዚያ ውሃ በስቶቭ እያፈላ በባልዲ ይታጠባል።