የቤተ ሰብ ዕረፍት በዲንሾ

ኤውሮጳውያን በጋቸው ሲገባ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጄኔቭ ወይም ወደ ኮሞ ሐይቅ ዳር መሄድ ልማዳቸው ነው። የእኛ ተማሪ ቤቶች የሚዘጉት ግን በክረምት ነውና፥ ያን ጊዜ በባሌ ተራራ ዝናምና ጭጋግ ይበዛል፤ ስለዚህ ዲንሾን ለማየት የሚሻ ቤተ ሰብ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ወራት ይምረጥ።

ዲንሾ ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች የደጋ ከተማ ናት። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም በርሷ ይገኛል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይኖረው የደጋ አጋዘን በጥድና በኮሶ ዛፍ መካከል ሲመላለስ፥ ልጆች በእግራቸው እየሄዱ ያዩታል። ሐይቅ የሚወድም በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ ወጥቶ በደጋው ላይ የተኙትን ትንንሽ ሐይቆች ይጐብኝ።

አንድ ነገር ግን እናሳስባለን። በዚሁ ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ ብዙዎቹን ፈጅቷል። እንግዲህ መንገደኛ ሆይ፥ የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነውና ወፍራም ልብስ ያዝ፤ ውሻህን ግን ከቤት ተወው።