ወረቀቱ እውነት ነው፤ ፈቃዱስ?

ዳንግላንና እንጅባራን የሚያውቅ ሰው፣ በአዊ ዞን የስንቱ መምህር ቤተሰብ ኑሮ በአንድ ወረቀት ላይ እንደቆመ አይጠፋውም። በሰርተፊኬት ጀምረው ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማም ወደ ዲግሪ ለመድረስ ብዙ መምህራን ክረምታቸውን፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን፣ ከደመወዛቸውም ቀንሰው ሰውተዋል። ቅጥሩ፣ የደረጃ እድገቱና ደመወዙ የሚወሰኑት በዚያው ወረቀት ነው። እናም «ዲግሪህ ተቀባይነት የለውም» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ የሚናጋው ቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የትምህርት ማስረጃ በሰፊው መጣራት ጀምሯል። ማጣራቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል።

የመጀመሪያው ሐሰተኛ ማስረጃ ነው። ያልተማሩትን ተማርን ብሎ በተገዛ ወረቀት መቀጠር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በዲናችንም ማታለል ነው፤ የልጆችንም አማና መብላት ነው።

ሁለተኛው፣ ተማሪው በእርግጥ ተምሮ፣ ተፈትኖ ያገኘው፣ ተቋሙ ግን ፈቃድ ሳይኖረው የሰጠው ዲግሪ ነው። የእውቅና ፈቃድ ለኮሌጅ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። የርቀት ትምህርትም ለብቻው ይፈቀዳል። በአንድ ከተማ የተፈቀደው ትምህርት በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ያልተፈቀደ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ዲግሪውም ፈቃዱም ትክክል ሆኖ ለመደቡ የማይበቃ ሲሆን ነው። ለምሳሌ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከትምህርት መስኩ ዲግሪ በተጨማሪ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ የተሻገረም የብቃት ምዘና ማለፉን ያሳይ ይባላል።

ዘመኑም መታየት አለበት። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የግል ተቋማት መምህራንን እንዳያሠለጥኑ ከለከለ፤ የርቀት ትምህርትንም አግዶ ነበር። የርቀቱ እገዳ ብዙም ሳይቆይ ላላ። ስለዚህ አንድን ዲግሪ ለመመዘን «መቼ ተመዘገበ? ያን ጊዜ ምን ተፈቅዶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። የዛሬን ሚዛን ለትናንት ተማሪ ማድረግ ፍትሕ አይሆንም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመድረሳ ያለፈ ሰው ኢጃዛ ምን እንደሆነ ያውቃል። የኢጃዛ ክብር በወረቀቱ ጌጥ አይለካም፤ ሸይኹ ማን ነው፣ እርሱስ ከማን ተፈቀደለት በሚለው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ግን ጥፋቱ የደረሳው ነው ወይስ ያለ ፈቃድ ያስተማረው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ በሁለቱ ላይ እኩል መፍረድ አይገባም።

ሕጉም ለዚህ በር ይከፍታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ደንግጓል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መብት የሚነካ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ባለጉዳዩን እንዲሰማ፣ ምክንያቱንም እንዲገልጽ ያዛል። በክልል የተቀጠረ መምህር ቅሬታውን በመሥሪያ ቤቱ አቅርቦ ካልረካ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። የይግባኝ ቀን አጭር ስለሆነ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መመዝገብ፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት «ከሦስቱ የተከሰስኩት በየትኛው ነው?» ብሎ መለየት ይገባል፤ መልሱና ማስረጃው እንደዚያው ይለያያልና።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ማዳን ይቻላል። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት መስኩን፣ ካምፓሱንና የትምህርቱን ዓይነት ጠቅሳችሁ ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ለምሩቃን ግዴታ መሆኑንም አትርሱ። የምዝገባ ወረቀትን፣ የክፍያ ደረሰኝንና የየሴሚስተሩን ውጤት ከዲግሪው እኩል ጠብቁ። ነገ ተቋሙ ቢዘጋ እንኳ በእርግጥ መማራችሁን የሚመሰክሩላችሁ እነዚህ ናቸው።

አጣሪዎችም ሐሰተኛውን ከተታለለው ይለዩ። ሐሰተኛው ሲጋለጥ ተማሪው ይጠቀማል፤ ተምሮ የተታለለው ከእርሱ ጋር ሲጣል ግን ክፍሉ መምህሩን ያጣል።